ሆዳም ውሻ ባለበት ግቢ የሲሚንቶ ቀይ ቀበሮ እንዴት ይሠራል?

ግቢ ውስጥ የእንስሳ ሐውልት ማቆም የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ሲሚንቶና ስለ ፌሮ ነው። ሥራውን የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ የቤቱ ውሻ ነው። እርጥቡን ልስን ይረግጣል፣ የተሸፈነበትን ጆንያ ጎትቶ ይወስዳል፣ አዲስ በተቆፈረው አፈር ውስጥ አጥንት ይቀብራል፣ ከዚያም በየጠዋቱ እግሩን አንሥቶ ይሸናበታል። ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ሆዱና አፍንጫው ይመሩታል። ሆዱና አፍንጫው ወዴት እንደሚመሩት ደግሞ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ልክ ሁሉ ውሻውን አስቦ የተቆረጠ ነው።

ለሥራው የተመረጠው ቀይ ቀበሮ ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኝም፤ ወሎ ውስጥ በላሊበላ አቅራቢያ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይና በቦረና ሳይንት ደጋ ይኖራል። በመላ አገሪቱ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ቁጥሩን በአንድ ጊዜ ከሚያመናምኑት ነገሮች አንዱ ከቤት ውሻ የሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ሌላው ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ነው። ቀበሮው ባለበት ደጋ አጠገብ የምትኖሩ ሰዎች ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ውሻችሁን አስከትቡ። በሕይወት ያለው ቀበሮ ይቅደም።

የአዋቂ ቀይ ቀበሮ ቁመት እስከ ትከሻው ከ53 እስከ 62 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሥር ከ84 እስከ 100፣ ጅራቱ ከ27 እስከ 40 ነው። እኛ 60፣ 95 እና 35 እንይዛለን። እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭንና ሹል፣ ጆሮው ቀጥ ያለ ነው። እነዚህ ሦስቱ ካልተጠበቁ የሚወጣው የሰፈር ውሻ ነው።

ሌላም ከግዢ በፊት የሚያልቅ ነገር አለ። ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አጥር ተጋርቶ የሚኖርበት አገር ነው፤ ሕይወት ያለውን ፍጡር በምስል ማቆም የማይወዱ የቤት ትልልቆችና ጎረቤቶች አሉ። ጠይቁ፣ ተስማሙ። ሐውልቱ ወደ መቶ ሃምሳ ኪሎ ይጠጋል፤ ከቆመ በኋላ ማንሳት ከባድ ነው።

ጊዜና ቦታ

ጥሩው ጊዜ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከኅዳር በኋላ ሌሊቱ ይበርዳል። አዲስ ልስን በመጀመሪያው ሌሊት ውርጭ ካገኘው ውስጡ ያለው ውሃ ይረጋና ላዩ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት፤ የዚያ ችግር ተቃራኒው ነው፣ ልስኑ ሳይጠነክር ይደርቃል። እዚያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ለስኑ። የበልግ ዝናብ የሚያገኝ ቦታ ከሆነ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሸራ ሳትወጥሩ አትጀምሩ።

ቦታውን የሚመርጥላችሁ ውሻው ነው። ሁለት ቀን ተከታተሉት። ውሻ በአጥር ጥግ የሚሄድበት የለመደው መንገድ አለው፤ የሚሸናባቸውም ቋሚ ነጥቦች አሉት፦ የበር ጥግ፣ የቧንቧ እንጨት፣ የመኪና ጎማ። ሐውልቱ ከነዚህ ነጥቦች ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከሚበላበት ቦታ ደግሞ 6 ሜትር ይራቅ። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ ምግብ ያገኘበትን ቦታ ይጠብቃል፤ ከሳህኑ አጠገብ አዲስ ነገር ከቆመ ቀንና ሌሊት ይጮኽበታል።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ ተጠንቀቁ። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ሐውልቱንም ያዘምማል። በቀይ አፈር 30 ሳንቲ ሜትር መቆፈር ይበቃል፤ በዋልካ 50 ቆፍሩና በድንጋይና በጠጠር ሙሉ።

የሚያስፈልገው

ሲሚንቶ አንድ ኩንታል፣ ማለትም ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት፤ መደቡንና የውሻውን ሳህን ጨምሮ ይበቃል። ባለ 8 ሚሊ ፌሮ አንድ ቤርጋ (ሙሉ ዘንግ)፤ ባለ 6 ሚሊ አንድ ቤርጋ። ቤርጋው 12 ሜትር ስለሆነ ከሁለቱም ይተርፋል፣ ለጎረቤት ማካፈል ይቻላል። ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ የዶሮ ሽቦ 2 ሜትር ተኩል፤ ቀዳዳው ከ2 ሳንቲም ተኩል አይብለጥ፣ ከበለጠ ልስኑ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ማሰሪያ ሽቦ ግማሽ ኪሎ። የተጣሩ አሸዋና ጠጠር፣ ለመደቡ ጥርብ ድንጋይ፣ ሆዱን ለመሙላት ባዶ የውሃ ሃይላንድ ስምንት ያህል፣ ቀይ የሲሚንቶ ቀለም ዱቄት ግማሽ ኪሎ። መሣሪያው ፒንሳ፣ ሰጌቶ (የብረት መጋዝ)፣ ካሶላ (የልስን ማንኪያ)፣ አሮጌ ቢላዋና የተሰበረ ማበጠሪያ ነው።

አሸዋውን ፈትሹ። ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ጨምራችሁ ውሃ ሙሉበት፣ በጥብቅ ነቅንቁና ለግማሽ ቀን አስቀምጡ። ከአሸዋው በላይ የሚረጋው ጭቃ ከግማሽ ሳንቲም ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ። ጭቃ ያለበት አሸዋ ልስኑን በፀጉር ስንጥቅ ይሞላዋል፤ በዚያ ስንጥቅ የገባ ውሃም ሽቦውን ያዝገዋል።

ሆዱን በጭድ የሚሞሉ ሰዎች አሉ። አይሁን። ጭድ ፍሬ አይጠፋውም፣ ፍሬው አይጥ ይጠራል፣ አይጡ ውሻውን ይጠራል። ውሻው አይጥ ከሸተተው ሐውልቱን ከሥሩ እስኪገለብጠው ድረስ ይቆፍራል። በተመሳሳይ ምክንያት እውነተኛ ቀንድ፣ ጥርስ፣ መንጋጋ ወይም የፍየል ቆዳ አትጠቀሙ። የበግ ሐውልት ስትሠሩ ከአረፋ ወይም ከፋሲካ የተረፈ ቀንድ መትከል ያምራል፤ ለውሻው ግን ተሰቅሎ የሚጠብቀው እራት ነው። ዱቄት በውሃ ለውሶ ወረቀት የማጣበቁ ዘዴም ለግቢ አይሆንም፤ ከነቅርጹ ይበላል።

1. መደቡ

ወንድ ውሻ ካለ መደቡን 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፤ ሴት ብቻ ከሆነች 10 ይበቃል። ወንዱ እግሩን አንሥቶ የሚደርሰው ድንጋዩ ላይ ነው፣ ድንጋይ ደግሞ በውሃ ይታጠባል። መደቡን በጥርብ ድንጋይ፣ በአንድ ሲሚንቶ አራት አሸዋ ድብልቅ ገንቡ፤ ወርዱ 45፣ ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አታስፉት። ቀበሮው ከቆመ በኋላ ዙሪያው ላይ ለውሻ መተኛ የሚሆን ቦታ ሊተርፍ አይገባም፤ ፀሐይ የሚመታው ሞቃት ድንጋይ ካገኘ ይወጣበታል።

2. አጽሙ

ከባለ 8 ሚሊው 1 ሜትር ከ40 ቁረጡ፤ ይህ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ጫፍ ያለው አከርካሪ ነው። ሁለት ደግሞ 1 ሜትር ከ60 የሆኑ ቁረጡና በመሐላቸው አጥፉ፤ አንዱ የፊት ሁለት እግር፣ ሌላው የኋላ ይሆናል። ከላይ 12 ሳንቲ ሜትር ለትከሻ፣ ከታች በየጎኑ 18 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ለሚታጠፍ ተረከዝ ይቀራል። ተረከዙ ነው መሠረቱ ውስጥ ገብቶ ሐውልቱን የሚይዘው። ቀጥ አድርጎ ብቻ የተተከለ እግር አንድ ትልቅ ውሻ ሲደገፍበት ይላወሳል፣ ከቁርጭምጭሚቱ ላይም ቀለበት ሠርቶ ይሰነጠቃል።

ከባለ 6 ሚሊው 65 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ አራት ቀለበቶች ሥሩ፤ የጎድን አጥንት ናቸው። ሆዱ ወደ ኋላ እግር ሲደርስ ስለሚሰበሰብ የመጨረሻውን ቀለበት አጥብቡት። ሁሉንም በማሰሪያ ሽቦ በመስቀለኛ እሠሩ፤ አንድ ዙር አይበቃም። ጅራቱን ወደ ታች አጥፋችሁ ጫፉን ከኋላ እግር ጋር አገናኙት። አየር ላይ የተንጠለጠለ ጅራት መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው፤ ቡችላ ደግሞ መንከስ የሚወደው ጫፍ ነው።

ጭንቅላቱ ይነሣ፣ ወደ ጎንም ዘንበል ይበል። ፍልፈል ሲያድን አፉን መሬት ላይ የደፋ ቀበሮ የሚያምር አቋም ነው፤ ሆኖም አፍንጫው ውሻው አፍንጫ ላይ ይመጣል፣ ይላሳል፣ ይነከሳል። ፊት ለፊት አፍጥጦ የሚያይ ዓይንም ለውሻ ጠብ ነው፤ ወደ ጎን የዞረ ፊት ጩኸቱን ይቀንሰዋል።

አጽሙን ስትጨርሱ ትከሻውን በእጃችሁ ግፉት። ከጣት ውፍረት በላይ ከተወዛወዘ በእግሮቹ መካከል ሰያፍ ፌሮ ጨምሩ። የሚወዛወዝ አጽም ላይ ምንም ዓይነት ልስን አይቆምም።

3. መሠረቱን መሙላት

መደቡ አናት ላይ 10 ሳንቲም ከፍታ ያለው ጣውላ ዙሩበት። ከባለ 6 ሚሊው ሦስት ባለ 85 እና አምስት ባለ 41 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ እንደ መረብ ካሠራችሁ በኋላ የእግሩን ተረከዝ ከዚህ መረብ ጋር ጠፍሩት። የአጭሮቹ ጫፍ ጣውላውን እንዳይነካ በየጎኑ ሁለት ሳንቲም ይቀራል። በ10 ሊትር ባልዲ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ቀላቅላችሁ ሙሉ። አጽሙን በአራት እንጨት ደግፋችሁ ሦስት ቀን ተዉት።

4. ሽቦና ሆድ

ሃይላንዶቹን ክዳናቸውን አጥብቃችሁ ቀለበቶቹ ውስጥ ደርድሩ። ቀድማችሁ እጠቧቸው፤ የለስላሳና የጁስ ጠርሙስ ስኳሩ ጉንዳንም ውሻም ይጠራል። የዶሮ ሽቦውን ሁለት ድርብ አልብሱ፤ ድርቡ ቀዳዳ ለቀዳዳ አይግጠም። ጭኑ ላይ ጎላ፣ ጉልበቱ ላይ ጠበቅ አድርጉት። ለጆሮ ሽቦውን በሦስት ማዕዘን ቁረጡና ሥሩን ጭንቅላቱ ውስጥ ቢያንስ 4 ሳንቲም አስገቡት።

የተቆረጠ ሽቦ ሁሉ ከመሬት ይለቀም። በማግኔት ብትለቅሙ የተሻለ ነው። ሆዳም ውሻ የእንጀራ ፍርፋሪ ሲለቅም አብሮ የወደቀ ሽቦ ይውጣል፣ አንጀቱንም ይበሳዋል። ለዚሁ ሲባል ሠራተኛው ምሳውን ከሥራው ቦታ ርቆ ይብላ፤ ወጥ የነካው ፌስታል ሜዳ ላይ አይጣል፣ ውሻው ከነፌስታሉ ይውጠዋል።

5. ልስኑ

ድብልቁ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት ጆግ ሲሚንቶና ከስድስት ጆግ አሸዋ በላይ አታቡኩ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እየደረቀ የሚሄደውን ውሃ ጨምሮ ማለስለስ ጥንካሬውን ይሰብረዋል። በእፍኝ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ከያዘና በጣቶቻችሁ መሐል ውሃ ካልወጣ ልኩ ደርሷል።

የመጀመሪያው ልስን 1 ሳንቲም ተኩል ሆኖ በጓንት እጅ ሽቦው ውስጥ ይጨመቃል። ገና ሳይደርቅ በሚስማር ቧጥጡት። በማግሥቱ አርጥቡት፣ ቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ቀቡትና ሁለተኛውን 1 ሳንቲም ጨምሩ፤ ጡንቻው፣ የመንጋጋው መስመርና የዓይኑ ጉድጓድ የሚወጣው በዚህኛው ነው። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ሳንቲም የማይሞላ ቀጭን ቆዳ አልብሱት፤ ለዚህ አሸዋው በወንፊት ይነፋ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሲሚንቶ ላይ 50 ግራም ቀይ ቀለም ይገባል። ቀለሙ ከልስኑ ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ሽንት አይልጠውም። የጉሮሮው፣ የደረቱ፣ የሆዱና የእግሩ ውስጠኛ ክፍል ነጭ ነውና እዚያ ቀለም የሌለው ልስን ተዉ።

ፀጉሩ የሚወጣው በማበጠሪያ ነው። አውራ ጣታችሁን ስትጭኑ ምልክቱ ቀርቶ ልስኑ ጣታችሁ ላይ ካልተጣበቀ ሰዓቱ ደርሷል። ከግንባር ወደ ኋላ፣ ከጀርባ ወደ ሆድ፣ በአጭር በአጭሩ ጎትቱ። አንገት ላይ ማበጠሪያውን ትንሽ ጠምዘዝ ብታደርጉት ፀጉሩ ይነሣል። ጅራቱ ላይ ጥልቅ አድርጉት፤ የቀይ ቀበሮ ጅራት ጫፉ ጥቁርና ፀጉራም ነው።

6. ውሃ ማጠጣትና ውሻውን ማራቅ

ብዙ ሐውልት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ልስኑ ቢያንስ 7 ቀን ሳይደርቅ በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ ይጠጣ፣ በእርጥብ ጆንያም ይሸፈን። የፉርኖ ዱቄት ወይም የስኳር ጆንያ ግን አታልብሱት። ሲረጥብ ይሸታል፣ ውሻው ሌሊት ቀዶ ይወስደዋል፤ ጠዋት ፀሐይ የመታው የተራቆተ ጎን በሰዓታት ውስጥ ይሰነጠቃል። ያለው ጆንያ እሱ ብቻ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፣ ከዚያም ላዩ በገመድ ይታሠር።

እርጥብ ሲሚንቶ የውሻን መዳፍና ምላስ ያቃጥላል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውሻው ሌላ ቦታ ይታሠር፤ ጥላና ውሃ ይኑረው። ከዚያ ውሻው ሐውልቱን እስኪለምደው ድረስ ዙሪያውን በእንጨትና በሽቦ እጠሩ። መዳፉ ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ በጣቶቹ መሐልም ፈልጉ። ከላሰ አፉን በውሃ እጠቡ፤ ለማስመለስ ብላችሁ ጨው ወይም ዘይት አትጋቱት፣ የወረደው ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል። የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አብሉት። የጠገበ ውሻ ይተኛል።

7. ዙሪያው

በመደቡ ዙሪያ የተቆፈረውን አፈር በ10 በ10 ሳንቲ ሜትር እየመለሳችሁ በደንብ ጠቅጥቁ። ውሻ ትርፍ አጥንቱን የሚቀብረው ለስላሳ አፈር ፈልጎ ነው፤ ከፋሲካ፣ ከአረፋና ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ አጥንት ሞልቶ ይተርፈዋል። የተጠቀጠቀው አፈር ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጠፍጣፋ ድንጋይ ንጣፍ አድርጉ። በጎኑ ጽጌረዳ ከተከላችሁ የበግ ፈርስና የአጥንት ዱቄት አትጨምሩበት፤ ለአበባው መልካም ነው፣ ውሻው ግን ከነሥሩ ይነቅለዋል። በስብሶ ያለቀ የከብት ፍግ ይሻላል። የጥብስ ቅጠል ቁጥቋጦም ድንጋዩን ይሸፍናል፣ ውሻውንም አይጎዳም።

ሚጥሚጣ መርጨት የተለመደ ነው፤ ተዉት። አንድ ዝናብ ያጥበዋል፣ እስኪታጠብ ድረስ ግን የእንስሳውን ዓይንና አፍንጫ ያሠቃያል። ቅንጭብም አትትከሉ፣ ወተቱ ዓይን ያጠፋል።

ሽንት የነካውን ቦታ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ። ኮምጣጤና ሎሚ አሲድ ስለሆኑ ሲሚንቶውን ይበሉታል። በረኪና በሽንት ላይ ሲፈስ ጉሮሮ የሚዘጋ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ ፈጽሞ አይፍሰስ።

8. የሆዳሙ ሳህን

በተረፈው ሲሚንቶ ውሻው ቀስ ብሎ የሚበላበት ሳህን ይሠራል። ሲውጥ የሚሮጥ ውሻ ይታነቃል፣ ያስመልሳል፤ ደረተ ሰፊ ትልቅ ውሻ ከሆነ ሆዱ በአየር ተነፍቶ ሊሞትም ይችላል።

ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ 12 ሳንቲ ሜትር ድብልቅ ሙሉ፤ አንድ ለሦስት። ከታች የሳሙና ውሃ የተቀባ 25 ሳንቲ ሜትር የማይዝግ ሳህን መሐሉ ላይ እስከ ከንፈሩ አስምጡና በማግሥቱ እያዟዟራችሁ አውጡት። ሞራ ወይም ዘይት አትቀቡ፤ ሽታው ሲሚንቶው ውስጥ ይቀራል፣ ውሻው ሳህኑን ራሱን ማኘክ ይጀምራል። ሳህኑ ተመልሶ ይቀመጥበታል፤ ለማጠብ ይነሣል፣ በአፉ ግን አይገለበጥም። መሐሉ ላይ አፉ የማይይዘው፣ ቢያንስ ቡጢ ተኩል የሚያክል ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ አኑሩ። ምግቡን በዙሪያው እየዞረ ይለቅማል። ድንጋዩ ከአፉ ካነሰ ይውጠዋል፤ በዚህ ላይ አትቆጥቡ።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ በቋሚ ሰዓት አብሉት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ቢበስልም ደሙን ይጎዳልና አትስጡት፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እንደ እሾህ ይሰነጠቃል።

9. ማስተዋወቅ

በ28ኛው ቀን ልስኑ ዋናውን ጥንካሬውን ስለሚያገኝ የጅራቱን ጥቁርና የዓይኑን ቀለም ቀቡ፤ እርሳስ የሌለበት መሆኑ የተጻፈበት የውጭ ቀለም ይሁን፣ ውሻ ይልሰዋልና። ቀለሙ ሲደርቅ ውሻውን በገመድ አምጡት። መጀመሪያ ከጎን፣ ከ5 ሜትር ርቀት ያሽት። ዝም ካለ ቁራሽ ዳቦ ከኋላው፣ ከሐውልቱ በተቃራኒ ወርውሩለት። ቁራሹን ሐውልቱ ላይ አታስቀምጡ፤ አንድ ጊዜ እዚያ ከበላ መደቡን በየቀኑ ይወጣዋል። ከጮኸ አትቆጡት፣ ጥቂት ርምጃ ወደ ኋላ መልሱትና እንደገና ጀምሩ። በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ አልፎት መሄድ ይጀምራል፤ ያኔ አጥሩ ይፈታ።